ደጇ ባሕር የሆነባት አገር፤ ሲሼልስ ከመርከብ እስከ አይሮፕላን

ዛሬ ከአዲስ አበባ ወደ ሲሼልስ መሄድ የፈለገ ሰው ቦሌ ሄዶ አይሮፕላን ይሳፈራል። የሶማሊያን ጠረፍ አልፎ፣ ሕንድ ውቅያኖስን ቁልቁል እያየ፣ አራት ሰዓት ገደማ ከበረረ በኋላ ማሄ በምትባለው ደሴት ላይ ይወርዳል። ከአውሮፓ የሚመጣውም ዱባይ ወይም ዶሃ ላይ አይሮፕላን ቀይሮ በአንድ ቀን ይደርሳል። ነገሩ ቀላል ስለሆነ ማንም ብዙ አያስብበትም።

ይሁንና ይህ ሁሉ የቅርብ ጊዜ ታሪክ ነው። እስከ 1971 ድረስ ወደዚች አገር የሚበር አንድም መደበኛ የመንገደኛ አይሮፕላን አልነበረም (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። መግቢያዋም መውጫዋም መርከብ ብቻ ነበር። መርከቡ ከዘገየ ደብዳቤው ይዘገያል፤ መድኃኒቱ ይዘገያል፤ ዳኛው፣ ሐኪሙ፣ መምህሩ ይዘገያል።

የአገር ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው በነገሥታቱና በጦርነቱ ነው። የሲሼልስን ታሪክ ግን በሚገባባትና በሚወጣባት መንገድ መጻፍ ይቻላል። እንዲያውም በሌላ አኳኋን ቢጻፍ ብዙ ነገር የሚጎድለው ይመስላል። ምክንያቱም መንገድ ማጣቷ ለሌሎች እስር ቤት አደረጋት፤ መንገድ ማግኘቷ ደግሞ ሀብታም አደረጋት። የመንገዱን ዋጋ ማን ከፈለ የሚለው ጥያቄ ግን ገና ተመልሶ አላለቀም።

ሰው ያልነበረባት ምድር

ሲሼልስ ከአፍሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ 1500 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከምድር ወገብ ጥቂት ዝቅ ብላ የምትገኝ፣ ከመቶ የሚበልጡ ደሴቶች ያሏት አገር ናት። ደሴቶቹ በሙሉ ቢደመሩ ስፋታቸው 455 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አዲስ አበባ ከተማ ትበልጣቸዋለች። ዋናዋ ደሴት ማሄ ስትሆን፣ ፕራስሊንና ላዲግ ይከተሏታል። ዋና ከተማዋ ቪክቶሪያም የምትገኘው በማሄ ላይ ነው።

ከጥንት ጀምሮ የኖረባት ተወላጅ ሕዝብ የላትም። የፖርቱጋል መርከበኞች በአሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አካባቢ አይተዋት አልፈዋል። ፈረንሳዮች በ1756 የይዞታ ድንጋይ ተክለው በገንዘብ ሚኒስትራቸው በሞሮ ደ ሴሼል ስም ጠሯት። የመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች በ1770 መጡ፤ ከሠላሳ የማይበልጡ ነጮች፣ አፍሪካውያን ባሮችና ሕንዶች ነበሩ። እንግዲህ በዚያች ምድር ላይ ያለ ሰው ሁሉ፣ ጌታውም ባሪያውም፣ በመርከብ የመጣ ነው። ልዩነቱ አንዱ ወዶ፣ ሌላው በሰንሰለት ተጎትቶ መምጣቱ ነው።

የመርከብ መንገድ ምን ያህል የሕልውና ጉዳይ እንደነበር ለመረዳት የሸቫሊየ ዴ ካንሲን ብልሃት ማየት ይበቃል። ይህ የፈረንሳይ አስተዳዳሪ በ1794 የእንግሊዝ የጦር መርከቦች መጥተው እጅህን ስጥ ሲሉት፣ የሚዋጋበት ጦር ስላልነበረው ሳያንገራግር ተፈራረመ። እንግሊዞቹ ሲሄዱ የፈረንሳይን ሰንደቅ ዓላማ መልሶ ሰቀለ። እንደገና ሲመጡ እንደገና እጁን ሰጠ። በዚህ ውል መሠረት የደሴቲቱ መርከቦች እጅ መስጠታቸውን የሚገልጽ ጽሑፍ ያለበት ባንዲራ እያውለበለቡ የእንግሊዝን የባሕር ከበባ አቋርጠው ይነግዱ ነበር። ክብር ቀርቶበት መንገዱን አተረፈ ማለት ነው። በ1814 ደሴቶቹ በስምምነት ለእንግሊዝ ሲሰጡም ሰውዬው በዳኝነት ሥራ እዚያው ቆየ፤ መቃብሩም እዚያው ነው።

ባርነት በ1835 ከቀረ በኋላ ደግሞ ሌላ ዓይነት መንገደኛ መጣ። ከ1861 ጀምሮ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ከዐረብ ጀልባዎች ያስጣላቸውን ከሁለት ሺህ የሚበልጡ ባሮች ማሄ ላይ አወረደ። ነፃ ወጡ ተባለ። ግን ወደ አገራቸው የሚመልሳቸው መርከብ አልነበረም። የዛሬው ሲሼልሳዊ ብዙው የአያት ቅድመ አያቱን ታሪክ ሲቆጥር የሚደርሰው አንድ ጊዜ መጥቶ ያልተመለሰ መርከብ ላይ ነው።

የባሕር አምባ

የእኛ ነገሥታት ዙፋን ይመኛሉ ብለው የሚሰጓቸውን የንጉሥ ልጆች በአምባ ግሸን፣ በኋላም በጎንደር ዘመን በወህኒ አምባ ያግዙ እንደነበር የታወቀ ነው። እዚያ ወህኒ ቤቱ ራሱ ተራራው ነበር፤ በሩም ጠባቡ መውጫ ነበር። እንግሊዞች ገደሉን በባሕር ተኩና ይህንኑ አደረጉ። ሲሼልስ በግዛታቸው የሚያስቸግሯቸው ነገሥታትና መሪዎች አምባ ሆነች። ብዙ ዘበኛም አላስፈለጋትም። በሳምንታት ልዩነት የሚመጣውን መርከብ መቆጣጠር በቂ ነበር።

ከመጀመሪያዎቹ ግዞተኞች አንዱ በማላያ ምድር የፔራክ ገዥ የነበሩት ሱልጣን አብዱላህ ናቸው። በአንድ የእንግሊዝ ሹም ግድያ እጅ አለባቸው ተብለው በ1877 መጡ፤ እስከ 1894 ቆዩ። ሱልጣኑና ቤተ ሰቦቻቸው በማሄ ሲሰሙት የኖሩትን አንድ የፈረንሳይ ዜማ ይዘው እንደተመለሱና ዛሬ የማሌዥያ ብሔራዊ መዝሙር የሆነው ያው ዜማ እንደሆነ ይነገራል።

በ1900 የአሻንቲው ንጉሥ ቀዳማዊ ፕሬምፔህ ከእናታቸውና ከመኳንንቶቻቸው ጋር መጡ። እንግሊዞች ኩማሲ ገብተው የያዟቸው በ1896 መጀመሪያ ላይ ነው፤ አድዋ ላይ የእኛ አባቶች ጣሊያንን ድል ከመምታታቸው በፊት ሁለት ወር እንኳ አይሞላም። ፕሬምፔህ መጀመሪያ ወደ ሴራሊዮን ተጋዙ። ነገር ግን ሴራሊዮን ለአገራቸው ቅርብ ናት፤ ወሬ ይደርሳል፤ መልእክተኛ ይመላለሳል። ስለዚህ በአፍሪካ ዙሪያ አዙረው በሌላው ውቅያኖስ ላይ ጣሏቸው። ወደ አገራቸው የተመለሱት በ1924 ነው። በእርሳቸው መጋዝ ተቆጥታ በ1900 ሕዝቡን ለጦርነት ያነሳሳችው ያ አሳንቴዋም እዚያው ደሴት ተልካ በ1921 እዚያው ሞተች።

ከዩጋንዳ ሁለት ነገሥታት፣ የቡጋንዳው ምዋንጋና የቡኞሮው ካባሌጋ፣ እንዲሁ ተጋዙ። ምዋንጋ በ1903 እዚያው አረፉ። ካባሌጋ በ1923 እንዲመለሱ ተፈቀደላቸው፤ ባሕሩን ተሻግረው ጂንጃ ከደረሱ በኋላ ቡኞሮን ሳያዩ መንገድ ላይ ሞቱ። በ1922 የግብፁ መሪ ሰዓድ ዘግሉል ለጥቂት ወራት በደሴቲቱ ቆይተዋል።

ከሁሉም በላይ የመንገዱን ነገር የሚያሳየው ግን የቆጵሮሱ ሊቀ ጳጳስ የማካሪዮስ ጉዞ ነው። በመጋቢት 1956 ኒቆሲያ አይሮፕላን ጣቢያ ላይ ተያዙና በጦር አይሮፕላን ወደ ሞምባሳ ተወሰዱ። ዘመኑ ሰው በአይሮፕላን አህጉር የሚያቋርጥበት ነበር። ሞምባሳ ሲደርሱ ግን አይሮፕላኑ የሚቀጥልበት ቦታ አልነበረውምና በባሕር ኃይል መርከብ ተሳፈሩ። ከአንድ ዓመት በኋላ ተለቅቀዋል ሲባሉም ወዲያው የሚወጡበት መንገድ አልተገኘም። በመጨረሻ በዚያ በኩል የምታልፍ የባለጸጋው የኦናሲስ ነዳጅ ጫኝ መርከብ ወደ ማዳጋስካር አደረሰቻቸው፤ ከዚያ በአይሮፕላን ወደ አቴና ሄዱ። የተፈታው እስረኛ እንኳ ከእስር ቤቱ ለመውጣት የሰው መርከብ ለምኖ ነው።

የሚገርመው፣ ይህችኑ ደሴት ገነት ናት ያለ እንግሊዛዊም ነበር። በ1879 ከአፄ ዮሐንስ ጋር ሊደራደር ደብረ ታቦር ድረስ የመጣው፣ በኋላም ካርቱም ላይ የተገደለው ጄኔራል ጎርዶን በ1881 ሲሼልስን ጎበኘ። ፕራስሊን ደሴት ላይ ያለውን ሸለቆ አይቶ፣ በዚያ የሚበቅለውን ባለ መንታ ፍሬ ዘንባባ የመልካምና የክፉ ማስታወቂያ ዛፍ ነው ብሎ ጻፈ። መቼም ገነትና ግዞት የሚያመሳስላቸው ነገር አለ፤ ሁለቱም ደጃቸው የተዘጋ ነው።

መርከቡን መጠበቅ

ግዞተኞቹ በታሪክ ተጽፈዋል። የደሴቲቱ ሕዝብ ግን እንደ እነርሱ ተከቶ ሲኖር ማንም ግዞተኛ ብሎ አልጠራውም። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት የፈረንሳይ የፖስታ መርከቦች ከማርሴይ ተነስተው በስዌዝና በኤደን በኩል እግረ መንገዳቸውን ይነኳት ነበር። በ1893 ከዛንዚባር በባሕር ሥር የተዘረጋ የቴሌግራፍ ሽቦ ደረሳት። ወሬ በዕለቱ መድረስ ጀመረ ማለት ነው፤ ሰውና ዕቃ ግን እንደ ወትሮው መርከብ ይጠብቃል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የሲሼልስ የሕይወት መሥመር የብሪቲሽ ኢንዲያ ኩባንያ መርከቦች ነበሩ። ካምፓላና ካራንጃ የሚባሉት ሁለት መርከቦች በቦምቤይና በምሥራቅ አፍሪካ ወደቦች መካከል ሲመላለሱ ማሄን ይነኩ ነበር። ከሞምባሳ ሦስት ቀን ያህል፣ ከቦምቤይ ደግሞ ከዚያ የበለጠ ጉዞ ነው። ባለ አንደኛ ማዕረጉ ክፍል ይዞ ይሄዳል፤ ድኻው ምንጣፉን አንጥፎ መርከቡ ወለል ላይ ይተኛል። መርከቧ ኮፕራ፣ ቀረፋና ቫኒላ ጭና ትሄዳለች፤ ሩዝ፣ ጨርቅና ደብዳቤ አራግፋ ትመለሳለች።

ይህ በኢኮኖሚው ላይ ምን እንዳስከተለ መገመት አያስቸግርም። በመርከብ ሆድ ውስጥ ሳምንታት ቆይቶ የማይበላሸው ብቻ ይሸጣል። ዓሣው ሞልቶ ሳለ ለገበያ አይደርስም። ነጭ አሸዋው፣ አረንጓዴ ባሕሩ፣ ዛሬ ሰው በብዙ ገንዘብ የሚገዛው ውበት ሁሉ ያን ጊዜም ነበር፤ ዋጋ ግን አልነበረውም። ሊያየው የሚመጣው እንግዳ በዓመት በመቶዎች፣ ቢበዛ በጥቂት ሺዎች የሚቆጠር ነበርና። ደሴቲቱ ድኻ የነበረችው ሀብት አጥታ ሳይሆን መንገድ አጥታ ነው።

የአይሮፕላን ጣቢያው ዋጋ

በ1963 አሜሪካኖች ማሄ ተራራ ላይ ሰው ሠራሽ ጨረቃዎችን የሚከታተል ጣቢያ አቋቋሙ። ለሠራተኞቻቸውም በውኃ ላይ የሚያርፍ አይሮፕላን ከሞምባሳ ያመላልሱ ጀመር። ሕዝቡ መንገዱ በሰዓታት እንደሚለካ በዓይኑ አየ፤ ይሁን እንጂ መንገዱ የእርሱ አልነበረም።

ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ ኅዳር 1965 ላይ፣ ብሪታንያ የሕንድ ውቅያኖስ ግዛት የሚባል አዲስ ቅኝ ግዛት ፈጠረች። ለዚህም የቻጎስን ደሴቶች ከሞሪሸስ፣ አልዳብራን፣ ፋርኳርንና ዴሮሽን ደግሞ ከሲሼልስ ቆርጣ ወሰደች። ዓላማው ለአሜሪካ የጦር ሰፈር የሚሆን ቦታ ማዘጋጀት ነበር። አሜሪካም በበኩሏ ብሪታንያ ለፖላሪስ ሚሳይል መክፈል ከነበረባት ገንዘብ ላይ 14 ሚሊዮን ዶላር በምስጢር ተወችላት። ለሞሪሸስ 3 ሚሊዮን ፓውንድ ተሰጣት። ለሲሼልስ የተሰጣት ካሳ ምን ነበር? ዓለም አቀፍ የአይሮፕላን ማረፊያ!

ማሄ ተራራማ ስለሆነች ለረጅም መንደርደሪያ የሚበቃ ሜዳ የላትም። ስለዚህ በደሴቲቱ ምሥራቃዊ ጠረፍ ባሕሩ ራሱ በኮራልና በአፈር ተሞላና በላዩ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው መንደርደሪያ ተሠራ። ሐምሌ 4 ቀን 1971 የእንግሊዝ አየር መንገድ ቪሲ 10 ጄት አረፈ። በመጋቢት 1972 ንግሥት ኤልሣቤጥ መጥተው ጣቢያውን መርቀው ከፈቱ።

ለውጡ ጊዜ አልፈጀም። በ1971 ሦስት ሺህ ያህል የነበረው የጎብኚ ቁጥር በዚያው አሥር ዓመት መጨረሻ ወደ 80 ሺህ ተጠጋ። በ2019 ከ380 ሺህ በልጧል፤ ይህም ከአገሪቱ ሕዝብ ቁጥር ሦስት እጥፍ በላይ ነው። የመንገደኛ መርከቦቹ ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከመሥመሩ ወጡ። ዛሬ ከሞምባሳ ወደ ማሄ በቲኬት የሚያሳፍር መደበኛ መርከብ የለም። አዲሱ ደጅ ሲከፈት አሮጌው ተዘጋ።

በዚያው ዓመት የገባች ሌላ መርከብ

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ጄቱ ማሄ ላይ ባረፈበት በ1971፣ ኖርድቫር የምትባል አነስተኛ መርከብ ከዲዬጎ ጋርሲያ ሰው ጭና ቪክቶሪያ ወደብ ትገባ ነበር። የጫነቻቸው ቻጎሳውያን ናቸው። ለትውልዶች ከኖሩበት ደሴት፣ የጦር ሰፈር ሊሠራበት ነውና ውጡ ተብለው፣ ውሾቻቸው በጢስ ታፍነው ሲገደሉ አይተው፣ ጥቂት ዕቃ ይዘው እንዲሳፈሩ የተደረጉ ሰዎች ነበሩ። ከፊሎቹ ወደ ሞሪሸስ የሚወስዳቸው መርከብ እስኪገኝ ድረስ ማሄ ላይ በወህኒ ቤት ውስጥ እንዲያድሩ ተደርጓል። የፔሮስ ባኞስ ደሴት ሰዎች በ1973 ሲነሡ ቻጎስ ባዶ ሆነች። በጠቅላላው ከ1500 እስከ 2000 የሚደርስ ሕዝብ ተነቀለ።

እንግዲህ በአንድ ውል የአንዱ ደሴት ደጅ ሲከፈት የሌላው ተዘግቷል። ሲሼልሳዊው ይህን አልመረጠም፤ የጠየቀውም የለም። ሦስቱ ደሴቶቹም በነፃነት ቀን፣ ሰኔ 29 ቀን 1976፣ ተመልሰውለታል። ቻጎሳውያን ግን አልተመለሱም። የዓለም ፍርድ ቤት በ2019 ብሪታንያ ግዛቱን እንድትለቅ የምክር አስተያየት ሰጠ። በግንቦት 2025 ብሪታንያና ሞሪሸስ ሉዓላዊነቱን ለሞሪሸስ የሚያስተላልፍ ውል ተፈራረሙ፤ ዲዬጎ ጋርሲያ ግን በኪራይ የጦር ሰፈር ሆና እንድትቀጥል ተስማምተዋል። ዛሬ ማሄ ላይ የሚያርፈው ቱሪስት የሚረግጠው ኮራልና አፈር በምን እንደተገዛ የሚነግረው የለም።

ደጁን የያዘ

የአይሮፕላን ጣቢያው አገሪቱን ከዓለም ጋር ሲያገናኛት ከዓለም አደጋም ጋር አገናኝቷታል። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ጄምስ ማንቻም ለቱሪዝሙ ብዙ የደከሙ ሰው ነበሩ። በሰኔ 1977 ለጋራ ብልጽግና አገሮች ስብሰባ ወደ ለንደን በረሩ። እርሳቸው እዚያ ሳሉ ጠቅላይ ሚኒስትራቸው ፍራንስ አልበር ሬኔ ሥልጣኑን ያዙ። ማንቻም የተመለሱት ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ፣ በ1992 ነው። ሲሼልስ የሌሎችን መሪዎች በመርከብ ስትቀበል ኖራ የራሷን መሪ በአይሮፕላን ወደ ግዞት ላከች ማለት ይቻላል።

ኅዳር 25 ቀን 1981 ደግሞ ከአርባ የሚበልጡ ቅጥረኛ ወታደሮች በስዋዚላንድ አየር መንገድ አይሮፕላን እንደ ጎብኚ መጡ። መሪያቸው በኮንጎ ጦርነት ስሙ የወጣው ማይክ ሆር ነበር። የቢራ ጠጪዎች ማኅበር አባላት ነን፤ ለወላጅ አልባ ሕፃናት አሻንጉሊት ይዘናል አሉ። ሻንጣዎቹ ድርብ ወለል ነበራቸው። ከመጨረሻዎቹ የአንዱ ሻንጣ ሲፈተሽ የጉምሩክ ሠራተኛው ጠመንጃ አገኘና ተኩስ ተከፈተ። ተከበው ሲጨነቁ ከዚምባብዌ ወደ ቦምቤይ የምትበር የኤር ኢንዲያ ቦይንግ 707 መጥታ አረፈች፤ አብዛኞቹ እርሷን አስገድደው ወደ ደርባን አመለጡ። መፈንቅለ መንግሥቱ የተጀመረውም የከሸፈውም በዚያው ጣቢያ ውስጥ ነው። አገሪቱን ለመያዝ በሯን መያዝ በቂ መሆኑን ሁለቱም ወገኖች ያውቁ ነበር።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ሲሼልስ የራሷን መንገድ በራሷ እጅ ለማድረግ ሞከረች። ኤር ሲሼልስ በ1983 ወደ አውሮፓ መብረር ጀመረ። ነገር ግን በነዳጅ ዋጋና በታላላቆቹ የባሕረ ሰላጤ አየር መንገዶች ፉክክር ተዳክሞ በ2012 የአውሮፓ በረራውን አቆመ፤ 40 ከመቶ ድርሻውንም ለአቡዳቢው ኢትሃድ ሸጠ። በ2021 መንግሥት ድርሻውን መልሶ ገዛ። የሩቅ አገሩ መንገደኛ ግን እስከ ዛሬ ድረስ በአብዛኛው የሚመጣው በሌሎች አይሮፕላን ነው።

በደሴቶቹ መካከል ያለው መንገድ ብቻ ፈጽሞ የራሳቸው ሆኗል። ትንንሽ አይሮፕላኖች ከማሄ ፕራስሊን በሩብ ሰዓት ያደርሳሉ፤ ፈጣኑ ጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። በሸራና በሞተር የሚሄዱት የእንጨት ጀልባዎች ይህንኑ መንገድ በሦስት ሰዓት ያህል ይሄዱት ነበር። ላዲግ ሲደርሱ ደግሞ ሰው ዛሬም በብስክሌት ይዘዋወራል።

በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ሲመጣ የማሄ ጣቢያ ለመንገደኛ አይሮፕላን ተዘጋ፤ የቱሪስት መርከቦችም ተከለከሉ። ባሕሩና አሸዋው እንዳሉ ነበሩ፤ ሆቴሎቹ ግን ባዶአቸውን ቀሩ። የመንግሥት ገቢ ወረደ፤ ሥራ አጡ በዛ። ለጥቂት ወራት ሲሼልስ ከ1971 በፊት እንደነበረችው ሆነች። ሃምሳ ዓመት የተገነባ ኑሮ በአንድ መንደርደሪያ ላይ ቆሞ እንደነበር ያን ጊዜ ለሁሉም ግልጽ ሆነ።

ባሕር የሌለን እኛም ይህን ነገር ከሩቅ የምናየው አይደለም። ደጁ በሌላ እጅ ያለ አገር ኑሮው ምን እንደሚመስል ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። ሲሼልስ ባሕሩ ከቧት ስታጣው የኖረችው መንገድ ለእኛ ባሕሩ ርቆን የምናጣው ነው። እርሷ በመጨረሻ አግኝታዋለች። ያገኘችው ግን ሌሎች በጻፉት ውል፣ በሌሎች ደሴት ዋጋ ነበር፤ ከቻጎስ የተነሡት ሰዎችና ልጆቻቸውም የሚመልሳቸውን መርከብ አሁንም ይጠብቃሉ።